የአቀንጭራና የተቀጽላ ጂኖም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አቀንጭራን የማሽላ ገበሬ ያውቀዋል። ተቀጽላንም ወይራና ግራር ላይ ተለጥፎ ያላየ ጥቂት ነው። ስለሚያደርሱት ጉዳት ብዙ ተብሏል። እዚህ የምናወራው ስለ ውስጣቸው ነው። ሴላቸው ውስጥ ስንት ዲኤንኤ ተጠቅልሏል? በስንት ክሮሞዞም፣ ማለትም በስንት የዲኤንኤ ጥቅል ተከፋፍሏል? ሌላ ተክል እየመገባቸው ሲኖሩ ይህ ዲኤንኤ ምን ሆነ? የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥገኛ ተክል የሚባለው የትኛው ነው?

ከሌላ ተክል ሥር ወይም ግንድ ውስጥ የራሱን መምጠጫ አስገብቶ ውኃና ምግብ የሚስብ አበባ አብቃይ ተክል ነው። ዋናው መለያው ይህ መምጠጫ ነው። ዛፍ ላይ መንጠልጠል ብቻውን ጥገኛ አያሰኝም። የዛፍ ሽበት ለምሳሌ ዛፉ ላይ ይቀመጣል እንጂ ዛፉን አይመጥም። እንዲያውም ተክልም አይደለም።

በዓለም ላይ ከ4,500 በላይ ጥገኛ ዝርያዎች አሉ። ሁሉም የአንድ አያት ልጆች አይደሉም። በአበባ አብቃዮች ታሪክ ውስጥ ጥገኝነት ወደ 12 ጊዜ ያህል ለየብቻው ተፈጥሯል። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ጥገኞች አሉ። አረንጓዴ ናቸው፣ ከፀሐይ የራሳቸውን ስኳር ይሠራሉ፣ የቀረውን ግን ከሌላ ይወስዳሉ። አቀንጭራና ተቀጽላ እዚህ ይመደባሉ። ቀረጥ የምንለው ቁጥቋጦም ከመሬት በታች የጎረቤቱን ሥር የሚጠባ ግማሽ ጥገኛ ነው። ላዩን ሲያዩት ግን ምንም አያስታውቅም። ሙሉ ጥገኞች ደግሞ አረንጓዴነታቸውን ጨርሰው ጥለዋል። በሰሜን ኢትዮጵያ የባቄላ ማሳ ውስጥ የሚበቅለው ኦሮባንኪ ከእነዚህ ነው።

የሚመጠጠው ተክል በሳይንሱ ቋንቋ «አስተናጋጅ» ይባላል። ምግብ ቤት ያለውን አስተናጋጅ ማለት አይደለም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ልዩነቱ ሒሳብ የሚከፍል ደንበኛ አለመኖሩ ነው።

የጂኖም መጠን ምንድን ነው? እንዴትስ ይለካል?

ዲኤንኤ በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ረጅም ጽሑፍ ነው ብላችሁ አስቡ። ከአንድ ወላጅ የሚወረሰው ሙሉ ጽሑፍ ስንት ፊደል አለው? መልሱ የጂኖም መጠን ነው። የሰው ወደ 3.1 ቢሊዮን ፊደል ነው። የጤፍ ወደ 700 ሚሊዮን ይጠጋል። የማሽላም ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ለመለካት የግድ ማንበብ አያስፈልግም። ለጋ ቅጠል በምላጭ ይከተፋል። የሴሉ አስኳሎች ፈሳሽ ውስጥ ይወጣሉ። ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ የሚያበራ ቀለም ይጨመርና አስኳሎቹ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ። ብዙ ዲኤንኤ ያለው ደምቆ ያበራል። መጠኑ አስቀድሞ ከሚታወቅ ተክል ጋር ተከትፎ ብርሃኑ ይነጻጸራል። ውጤቱ በፒኮግራም፣ ማለትም በግራም ትሪሊዮንኛ ይነገራል። አንድ ፒኮግራም 978 ሚሊዮን ፊደል ያህል ነው።

ጥገኞች ላይ ሲሆን አንድ ጣጣ አለ። መምጠጫው አካባቢ የተቆረጠ ናሙና የአስተናጋጁን ሴል ይዞ ይመጣል። ሳይጠነቀቁ ከለኩ የማሽላውን ዲኤንኤ የአቀንጭራ ነው ብሎ መመዝገብ ይመጣል። ስለዚህ ከአበባው ወይም ከላይኛው ጫፍ መውሰድ ይሻላል።

ከጥገኞች ትልቁ ጂኖም የማን ነው?

ከሚታወቁት ውስጥ ግንባር ቀደሙ የአውሮፓው ተቀጽላ ነው። ፈረንጆች በገና ሰሞን በር ላይ የሚሰቅሉት ማለት ነው። ጂኖሙ ከ90 ቢሊዮን ፊደል በላይ ነው። የሰውን 30 እጥፍ ያህላል። አንድ የተቀጽላ ጂኖም ውስጥ ወደ 130 የጤፍ ጂኖም ይገባል።

በርዝመት እንየው። ከአንድ የሰው ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ሁሉ ቢዘረጋ 2 ሜትር ገደማ ነው። የተቀጽላው ከ60 ሜትር ያልፋል። ይህ ሁሉ በዓይን በማይታይ ሴል ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሴሉ በተከፈለ ቁጥርም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይገለበጣል።

ከሕያው ነገር ሁሉ ትልቁ ግን አይደለም። በ2024 ይፋ የሆነው ክብረ ወሰን በኒው ካሌዶንያ የሚገኝ ትንሽ የፈርን ዓይነት ነው፤ 160 ቢሊዮን ፊደል አለው። እሱ ጥገኛ አይደለም።

ታዲያ ተቀጽላ ከሰው የበለጠ የተራቀቀ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ሽንኩርትን እጠራለሁ። ለወጥ የምንከትፈው ሽንኩርት ከሰው አምስት እጥፍ የሚሆን ጂኖም አለው። ባቄላም ወደ 13 ቢሊዮን ፊደል ይዞ ነው ሹሮ የሚሆነው።

ጂን የሚባለው ለሴሉ ትእዛዝ የሚሰጠው የጽሑፉ ክፍል ነው። በትልልቅ ጂኖሞች ውስጥ ጂኖቹ ጥቂት ገጾች ናቸው። የቀረው አብዛኛው ተደጋጋሚ ጽሑፍ ነው። አንዳንዱ የዲኤንኤ ቁራጭ እንደ ፎቶ ኮፒ ማሽን ራሱን ይቀዳና ቅጂውን ሌላ ቦታ ይሰካል። ቅጂው ደግሞ ራሱን ይቀዳል። ይህ በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ሲደጋገም መጽሐፉ ይወፍራል፤ ታሪኩ ግን አይረዝምም።

ስለዚህ «ትልቅ ጂኖም» ሲባል «ብዙ ጂን» ብላችሁ አትስሙት። ሁለቱ ለየብቻ የሚሄዱ ሒሳቦች ናቸው። ጥገኛ ተክሎች ላይ ደግሞ አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስበት ጊዜ አለ።

ጂኖማቸው ለምን ያብጣል?

በእኔ ግምት ከሁሉም ጥያቄዎች የሚጣፍጠው ይሄኛው ነው። አንድ የተቆረጠ መልስ የለውም። ሦስት ጠንካራ ሐሳቦች አሉ።

የመጀመሪያው የወጪ ጉዳይ ነው። ዲኤንኤ ለመሥራት ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ያስፈልጋል። ገበሬ ዳፕና ዩሪያ የሚገዛው እነዚህኑ ለማግኘት ነው። በራሱ ሥር ከደረቅ አፈር የሚለቅም ተክል ፎስፎረስ ማባከን አይችልም። ከሌላው ሥር የሚጠጣ ግን የተዘጋጀ ነው የሚቀርብለት። የማይረባ ቅጂ ቢከማችበት ቶሎ አይጎዳውም። ስለዚህ ተፈጥሮ ቅጂውን ለመጥረግ አትቸኩልም።

ሁለተኛው የሥር ጉዳይ ነው። ትልቅ ጂኖም ያለው ሴል ለመከፈል ጊዜ ይወስዳል። አፈር ውስጥ ውኃ ፍለጋ በፍጥነት መውረድ ያለበት ሥር በዝግታ የሚከፈል ሴል አያዋጣውም። ተቀጽላ ግን አፈር የሚምስ ሥር የለውም። ዘሩ ቅርንጫፍ ላይ ተጣብቆ ይበቅልና መምጠጫውን ይተክላል። ከዚያ ማንም አያጣድፈውም። ፍጥነት የሚጠይቀው አካል ከሌለ የጂኖሙ ልጓም ይላላል። ይህ ሐሳብ ተቀጽላን ጥሩ አድርጎ ይገልጸዋል፤ አቀንጭራ ጋ ሲደርስ ደግሞ ጂኖሙ ለምን እንዳላበጠ ለማስረዳት ይረዳል። አቀንጭራ ባለአንድ ወቅት ነው። ማሽላው ሳይታጨድ አብቦ፣ ዘርቶ መጨረስ አለበት።

ሦስተኛው የሕዝብ ብዛት ጉዳይ ነው። ዝርያው በጥቂት ተክሎች ብቻ ተወስኖ ሲቆይ፣ በመጠኑ የሚጎዱ ለውጦች በአጋጣሚ ሊጸኑ ይችላሉ። አንዱ አስተናጋጅ ላይ ብቻ የሚኖርና እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚገኝ ጥገኛ ለዚህ ይጋለጣል።

እኔ ሁለተኛው ላይ አደላለሁ። ግን ሦስቱ እርስ በርስ አይጣሉም። በአንዱ ዘር አንዱ፣ በሌላው ሌላው ሊያመዝን ይችላል። ጥገኝነት 12 ጊዜ ተፈጥሯል ያልኩትም ለዚህ ነው፤ አሥራ ሁለቱም አንድ መንገድ እንዲከተሉ የሚያስገድድ ነገር የለም።

ሁሉም ጥገኞች ትልቅ ጂኖም አላቸው?

የለም። የሰንደል ዛፍን እንውሰድ። ቤታችን ውስጥ የምናጨሰው ሰንደል ስሙን ያገኘው ከዚህ የእስያ ዛፍ ነው። ዛፉ ግማሽ ጥገኛ ነው፤ በሥሩ ከጎረቤቶቹ ይመጥጣል። ጂኖሙ 220 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ብቻ ነው። ከጤፍ ያንሳል! ከአውሮፓው ተቀጽላ ጋር በዘር ይዛመዳል፤ ሁለቱ በአንድ ክፍለ መደብ ውስጥ ናቸው። ልዩነታቸው ግን ከ400 እጥፍ በላይ ነው።

ኩስኩታም አለ። ቢጫ ክር መስሎ አጥር ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ የሚጠመጠመው ነው፤ ቅጠል የለው፣ ሥር የለው። በዚህ አንድ ወገን ውስጥ ብቻ ትንሹና ትልቁ ጂኖም ከ100 እጥፍ በላይ ይለያያሉ። በ2018 የተነበበው አንዱ ዝርያ 270 ሚሊዮን ፊደል ገደማ ነው።

አቀንጭራ መካከል ላይ ነው። ቀይ አበባ ያለው ትንሹ ዝርያ ወደ 600 ሚሊዮን ነው። ወይን ጠጅ አበባ ያለውና እኛ አገር ማሽላን በብዛት የሚያጠቃው ትልቁ ዝርያ ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል።

ጂን ያጣሉ የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ያውም በብዛት። ሥራ የሌለው ጂን ሲበላሽ የሚቆጣው የለም። ቅጠል የሌለው ተክል የቅጠል ጂን ቢያጣ ምን ይጎድልበታል?

በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ውስጥ ሳፕሪያ የሚባል ተክል አለ። ከወይን ዘመድ ሐረግ ውስጥ እንደ ክር ሆኖ ይኖራል። ግንድ የለው፣ ቅጠል የለው፤ ከሐረጉ የሚወጣው አበባው ብቻ ነው። በ2021 ጂኖሙ ሲነበብ፣ በሌሎች አበባ አብቃዮች ዘንድ ተጠብቀው ከቆዩት ጂኖች 44 በመቶው አልተገኘም። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው? ጂኖሙ ግን አላነሰም። 90 በመቶ የሚሆነው ተደጋጋሚ ጽሑፍ ነው። ቅድም ያልኩት ይኸው ነው፤ ጂኑ እየሳሳ መጽሐፉ ይወፍራል።

የአውሮፓው ተቀጽላ ጉድ ደግሞ ለብቻው ነው። ማይቶኮንድሪያ የሴሉ የኃይል ማመንጫ ነው። የኃይሉ መስመር የሚጀምረው «ኮምፕሌክስ 1» ከሚባል የፕሮቲን ስብስብ ነው። በ2018 ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ተቀጽላ ይህ ስብስብ ጨርሶ እንደሌለው አሳዩ። ብዙ ሴል ባላቸው ፍጥረታት ዘንድ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም ነበር። 90 ቢሊዮን ፊደል ያለው ተክል ሽንኩርት ያለው መሣሪያ የለውም።

ክሎሮፕላስቱስ? አረንጓዴ ካልሆኑ ምን ያደርግላቸዋል?

ክሎሮፕላስት ከፀሐይ ብርሃን ስኳር የሚሠራው የተክል ሴል አረንጓዴ ክፍል ነው፤ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤ አለው። በተለመደ ተክል ውስጥ ወደ 150 ሺህ ፊደል ነው። በ1992 በሰሜን አሜሪካ የአንድ ሙሉ ጥገኛ ክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነበበ። የተገኘው 70,028 ፊደልና 42 ጂን ብቻ ነበር። ከፀሐይ ምግብ የሚሠሩት ጂኖች ተጠርገው ሄደዋል።

ከዚያ ወዲህ የባሰ ተገኝቷል። ፒሎስታይለስ ኤቲዮፒካ የሚባለው ጥገኛ የቀረው 11 ሺህ ፊደል ገደማ ነው፤ የሚሠሩ የሚመስሉት ጂኖች አምስት ናቸው። ስሙን ሰምታችሁ የእኛ ነው እንዳትሉ። የሚኖረው በደቡባዊ አፍሪካ፣ እንደ ዚምባብዌና ዛምቢያ ባሉ አገሮች ዛፎች ውስጥ ነው። የድሮ የፈረንጅ ዕፀዋት ሊቃውንት «ኤቲዮፒካ» የሚሉት አፍሪካን በጅምላ ነበር። ሳፕሪያ ደግሞ የክሎሮፕላስቱን ዲኤንኤ ጠራርጎ ጥሎታል።

ለምንድን ነው አንዳንዱ አምስት ጂን ይዞ የሚቀረው? ክሎሮፕላስት ከስኳር ሌላም ሥራ አለው። ለሴሉ የሚያስፈልጉ ቅባቶችና ሌሎች ንጥረ ነገሮች የሚሠሩት እዚያ ነው። ፋብሪካው ተዘግቶም ጥበቃው ደመወዝ ይከፈለዋል እንደማለት።

የክሮሞዞም ቁጥራቸው ከጂኖም መጠን ጋር ይሄዳል?

አይሄድም። ቅድም የጠቀስኳቸውን ሁለቱን ዘመዳሞች እዩ። የሰንደል ዛፍ 20 ክሮሞዞም አለው። የአውሮፓው ተቀጽላም 20 ነው። ዲኤንኤው ግን 400 እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ የተቀጽላው እያንዳንዱ ክሮሞዞም ግዙፍ ነው። አንዱ ክሮሞዞም ብቻውን ከሰው ሙሉ ጂኖም ይበልጣል።

ቁጥሩ ግን ስለ ዝምድና ብዙ ይናገራል። ኦሮባንኪ በሚል ስም ለረጅም ጊዜ አንድ ላይ የተቆለሉ ዝርያዎች ነበሩ። ክሮሞዞማቸው ሲቆጠር ሁለት ጎራ ወጣ። ባቄላ ላይ ያለው ዝርያና የቅርብ ዘመዶቹ 38 አላቸው። ቲማቲም ላይ የሚመጣውና ዘመዶቹ ደግሞ 24 ናቸው። ዛሬ ሁለተኛው ጎራ ፌሊፓንኬ በሚል የራሱ ስም ይጠራል። ፌሊፓንኬ በእስራኤል የቲማቲም አምራቾች ራስ ምታት ነው።

የአፍሪካ ተቀጽላዎችም የሚያስገርም ነገር አላቸው። ቀይና ብርቱካናማ ረጃጅም አበባ ያላቸው፣ ወፍ የምትጎበኛቸው ማለቴ ነው። የጥንቱ የቤተሰቡ መሠረት 12 ጥንድ እንደነበር ይታመናል። በአፍሪካ ያሉት አብዛኞቹ ወደ 9 ጥንድ ወርደዋል። ክሮሞዞም ጠፋ ማለት ግን አይደለም። አንዱ ከሌላው ጋር ተቀጣጠለ፤ ቁጥሩ ቀነሰ፣ ይዘቱ ቀረ። ሦስት ቁራጭ ገመድ ከሌሎቹ ጋር እንደማሰር ነው።

ወንድና ሴት ተቀጽላ አለ ሲባል ሰማሁ። ልክ ነው?

ልክ ነው፣ በአንዳንዶቹ። የአውሮፓው ተቀጽላ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ነው የሚበቅሉት። በምሥራቅ አፍሪካ የሚገኝ አንድ የእሱ ዘመድ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ሴቷ 22 ክሮሞዞም ሲኖራት ወንዱ 23 አለው። የወንዱ ክሮሞዞሞች በጥንት ጊዜ ቁራጭ ተለዋውጠው ስለተቆላለፉ፣ የአበባ ዱቄት ሲሠራ ጥንድ ጥንድ መሆኑ ቀርቶ ዘጠኙ በአንድ ሰንሰለት ይያያዛሉ። ዕድር ውስጥ እንደሚያዝ ሰልፍ።

ኩስኩታ ላይ ሳይንቲስቶች ለምን ይጠመዳሉ?

ክሮሞዞም በተለመደው አኳኋን ወገብ አለው። ሴሉ ሲከፈል ክሮሞዞሙን የሚጎትተው ገመድ የሚታሰረው ወገቡ ላይ ነው። ወገቡ ሴንትሮሜር ይባላል። ክሮሞዞም ተሰብሮ ወገብ የሌለው ቁራጭ ከቀረ፣ ገመድ የሚይዘው ስለሌለ ይጠፋል።

ከኩስኩታ ዝርያዎች አንዱ ክፍል ግን ወገብ የለውም። ገመዱ በክሮሞዞሙ ርዝመት ሁሉ ይያዛል። ይህ እንደ ቄጤማ ባሉ ተክሎችም አለ፤ በዓመት በዓል ወለል ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጤማ ማለቴ ነው። ኩስኩታን ልዩ የሚያደርገው ወገብ ያላቸውና የሌላቸው ዘመዳሞች በአንድ ወገን መገኘታቸው ነው። ለውጡ በምን መንገድ እንደመጣ ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ይቻላል። የክሮሞዞም ቁጥራቸውም ከ8 እስከ 150 ይደርሳል።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው የጂኖም ማበጥ ከወገብ መጥፋት ጋር የተያያዘ ይመስለዋል። በኩስኩታ እጅግ ትልልቅ ክሮሞዞሞች ያሏቸው ግን ባለወገቦቹ ናቸው።

ከአስተናጋጃቸው ጂን ይሰርቃሉ?

አዎ። በ2010 የጃፓን ተመራማሪዎች ትልቁ አቀንጭራ ውስጥ ከማሽላ ወይም ከማሽላ ዘመድ የመጣ ጂን አገኙ። አቀንጭራ ከሣር ወገን ጋር ዝምድና የለውም። ጂኑ ግን ቁርጥ የሣር ጂን ነው። መምጠጫው የሁለቱን ሴሎች ስለሚያገናኝ ዲኤንኤም ሆነ የጂን መልእክት ሊያልፍ ይችላል። አልፎ አልፎ ደግሞ ተሰክቶ ይቀራል።

ሳፕሪያም ቢያንስ 1.2 በመቶ የሚሆኑ ጂኖቹ ከሌላ ተክል የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹ ዛሬ ከሚኖርበት ሐረግ ወገን ሳይሆን ጥንት ከተዋቸው አስተናጋጆች ናቸው። ሰውዬው የድሮ አከራዮቹን ዕቃ ይዞ እንደወጣ ይቆጠራል።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል። ኩስኩታ ላይ ግን የተሰረቁት አንዳንድ ጂኖች መምጠጫው ውስጥ ሥራ ይዘው ታይተዋል።

አቀንጭራ የሚበረታው ጂኖሙ ትልቅ ስለሆነ ነው?

አይደለም። መጠኑ ምንም አይነግራችሁም።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ንባብ ለገበሬው ምን ይረባዋል?

የአቀንጭራ ዘር ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳል። ስንቅ የለውም። በቅሎ በጥቂት ቀን ውስጥ ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ አፈር ውስጥ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ተኝቶ ምልክት ይጠብቃል። ምልክቱ ማሽላው ከሥሩ የሚለቀው ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ነው። ማሽላው የሚለቀው ሥሩ ላይ ለሚኖር ጠቃሚ ፈንገስ ጥሪ አድርጎ ነው። ጥሪውን ግን ያልተጠራም ይሰማል።

በ2019 የትንሹ አቀንጭራ ጂኖም ተነቦ ወጣ። 34,577 ጂን ተቆጠረ። ከሰው ይበልጣል፤ ሰው 20 ሺህ ገደማ ነው ያለው። በጥንት ዘመን የአያቶቹ ጂኖም ሙሉ በሙሉ የተባዛበት ጊዜ ነበር። ከትርፍ ቅጂዎቹ አንዳንዶቹ አዲስ ሥራ አገኙ። ጎልተው የወጡት ስትሪጎላክቶንን የሚያሸቱ ጂኖች ናቸው። በተለመደ የላቦራቶሪ ተክል አንድ የነበረው ጂን በትልቁ አቀንጭራ 11 ሆኗል። ከመካከላቸው አንዱ እጅግ ስል ከመሆኑ የተነሳ ለማመን በሚያስቸግር ትንሽ መጠን ይነቃል። የአቀንጭራ ጉልበት እዚህ ነው ያለው፤ በጥቂት ጂኖች።

አሁን በማሽላ በኩል ኑ። ወሎንኮሚ ተወልደው በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኢጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። ከምሥጢሮቹ አንዱ በ2017 በጂን ደረጃ ታወቀ። በእነዚህ ማሽላዎች አንድ ጂን ሲጎድል ሥሩ የሚለቀው የስትሪጎላክቶን ዓይነት ይቀየራል። ፈንገሱ ይሰማዋል፤ አቀንጭራው ግን ብዙም አይነቃም። የጆሮውን ጂኖች ማወቅና የጥሪውን ጂን ማወቅ እንዲህ ይገናኛል።

የውሸት ጥሪም አለ። በአሜሪካ ካሮላይና ግዛቶች በ1950ዎቹ አቀንጭራ ከተገኘ በኋላ አፈሩ ውስጥ ኤቲሊን ጋዝ ተነፋ። ዘሩ አስተናጋጅ መጣ ብሎ በቀለ፤ አስተናጋጅ ስላልነበረ ሞተ። ጋዝ መንፋት ለእኛ ገበሬ የሚሆን ነገር አይደለም። የአሸታቹን ጂን ቅርጽ በማየት በትንሽ መጠን የሚሠራ ርካሽ ኬሚካል መቀመም ግን እየተሞከረ ነው።

አንድ የሚቋቋም ዘር ከተገኘ ለምን ነገሩ አይዘጋም?

ትልቁ አቀንጭራ ራሱን በራሱ አያዳቅልም። እያንዳንዱ ዘር ከሁለት ወላጅ ነው የሚመጣው። አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ይጥላል። ስለዚህ አንድ ማሳ ውስጥ ያለው ዘር አንድ ዓይነት አይደለም። የማሽላውን አዲስ ጥሪ የሚሰማ ጥቂት ቢገኝበት በጥቂት ዓመት ይበዛል። የሚያዋጣው ሁለት ሦስት ዓይነት መከላከያ በአንድ ዘር ላይ መደረብ፣ ሰብል ማፈራረቅና ሳያብብ መንቀል ነው። ትንሹ ዝርያ ራሱን ስለሚያዳቅል ባህሪው የተለየ ነው።

ተማሪ ነኝ። ብዙ ገንዘብ ሳይኖረኝ በዚህ ዘርፍ ምን መሥራት እችላለሁ?

ክሮሞዞም ቁጠር። ማይክሮስኮፕ፣ አሴቲክ አሲድ፣ አልኮልና ማቅለሚያ ካለህ ይበቃል። ከሌላ ተክል ቢሆን የሥር ጫፍ ትወስድ ነበር፤ ተቀጽላ ግን የሥር ጫፍ የለውም። ስለዚህ ገና ያልፈካ እምቡጥ ነው የምትሰበስበው። ዱቄት የሚሠሩት ሴሎች ሲከፈሉ የምታገኛቸው እምቡጡ ትንሽ ሳለ ብቻ ነው። ቀለሙን ካወጣ አልፎሃል። ከአንድ ዘለላ ላይ የተለያየ መጠን ያላቸውን ልቀምና እዚያው አልኮልና አሴቲክ አሲድ ድብልቅ ውስጥ ክተት። የተለቀመበትን ዛፍ ስም ጻፍ፤ ወይራ ይሁን ግራር በኋላ ትፈልገዋለህ። የተቀጽላ ክሮሞዞም ትልልቅ ስለሆነ ዓይንህን አያደክምም። በዚህ ረገድ ማበጡ ለቆጣሪው ይጠቅማል።